ጥንቸላችሁ ሽንቱን የሚረጨው ለምንድነው? ከማባረራችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ጥንቸል ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ጥሩ ጥንቸል ነበር፣ ሲያድግ ተበላሸብን። ሶፋ ላይ ይሸናል፣ ግድግዳ ላይ ይረጫል፣ ባለፈው ደግሞ ልጄ እግር ላይ ረጨ። ምን ይሻላል?» ይሉኛል። ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። «የሚወስደው ሰው ካለ ልሰጠው ነው።»

እባካችሁ አትስጡት። ቢያንስ ይሄን እስክትጨርሱ ጠብቁ። ጅማ ውስጥ ብቻ ስንት ጥንቸል በዚህ ምክንያት ከእጅ ወደ እጅ እንደሚዞር ሳስበው ያመኛል። አዲሱ ቤት ሲገባ ደግሞ ይብስበታል፣ ምክንያቱም የማያውቀው ቤት ነው፣ እንደገና ከዜሮ ምልክት ማድረግ ይጀምራል። ከዛ ሦስተኛ ቤት፣ ከዛ ጓሮ ውስጥ ጠባብ ሳጥን። የሚያሳዝነው ነገር፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ጥንቸሉ አልባለገም። ለአቅመ አዳም ደርሷል፣ በቃ። ትንንሽ ዝርያዎች ከ3 ወር ተኩል እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ይደርሳሉ፣ መካከለኞቹ ከ4 እስከ 6 ወር፣ ትልልቆቹ እስከ 8 ወር ሊቆዩ ይችላሉ። እኛ ጋ ያሉት አብዛኞቹ የተዳቀሉ ስለሆኑ ዝርያቸውን ለይቶ መናገር ይከብዳል፤ አራተኛ ወሩን ሲይዝ ዓይናችሁን ክፈቱ ነው የምለው። እስከዛ ድረስ ሥርዓት የነበረው ልጅ ድንገት ሲለወጥ ሰው ይደነግጣል። ሰውነቱ ውስጥ ግን ሆርሞኑ ሥራ ጀምሯል፣ እና ሆርሞኑ የሚለው «ቦታህን አስከብር፣ ሚስት ፈልግ» ነው።

ጎረቤታችን እትዬ አንድ ቀን ቡና ልትጠጣ መጥታ ዳማ (ወንዱ ጥንቸሌ ነው፣ ቀይ ዳማ ስለሆነ) የጀበናውን ረከቦት ሲዞር አየችውና «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እንስሳ ስድ ሆኗል፣ ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። እሷ ገጠር ነው ያደገችው፣ ፍየል ታውቃለች። «እትዬ፣ ወጠጤ ፍየል ሲደርስ ምን ያደርጋል?» አልኳት። «ውይ! ጢሙ ላይ እየሸና አገሩን ያገማዋል እንጂ ምን ያደርጋል።» «ሙክት ሲሆንስ?» «ይተዋል፣ አደብ ይገዛል።» ከዛ ራሷው ዝም ብላ ዳማን አየችውና «ያው ነው በይኛ» አለች። እውነትም ያው ነው። ከዛ ወዲህ ለሰው ሳስረዳ የእሷን ፍየል ነው የምጠቅሰው፣ ምክንያቱም ፍየሉን ሁሉም ሰው ይገባዋል።

አሁን መሽናትና መርጨትን እንለይ፣ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። የሚሸና ጥንቸል ዝቅ ብሎ፣ ጅራቱን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ አንድ ጥግ ላይ ኩሬ የሚሆን ሽንት ይለቃል። ፊኛውን ነው የሚያራግፈው። የሚረጭ ጥንቸል ግን ሌላ ነው። ዳማ ከመረጨቱ በፊት እግሬን መዞር ይጀምር ነበር፣ ከጉሮሮው እምም እምም የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ እያሰማ። ይዞራል፣ ይዞራል፣ ከዛ አንድ ዝላይ ይዘላል፣ አየር ላይ እያለ ወገቡን ጠምዘዝ ያደርጋል፣ ጅራቱ ቀጥ ትላለች፣ ቀጭን ሽንት ሹር ብሎ ይወጣል። መጠኑ ትንሽ ነው። ግን ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ከፍም ይላል። ግድግዳ ላይ፣ የወንበር እግር ላይ፣ መጋረጃ ጫፍ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ሽታው ከተራ ሽንት ይከረፋል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ላይ፣ በትንሽ በትንሹ፣ በተለያየ ቦታ ከሆነ ምልክት ማድረግ ነው። ወለል ላይ አንድ ቦታ በርከት ያለ ከሆነ ደግሞ መጸዳጃውን አልለየም ማለት ነው፣ ወይም አሞታል። ስለ ሕመሙ ኋላ እመጣበታለሁ።

እግር መዞሩ ሰው የሚያስቀው ነገር ነው፣ ቪዲዮ የሚቀርጹትም አሉ። እሱ ግን የምሩን ነው። ወንድ ጥንቸል ሴቷን የሚያሽኮረምመው እንደዛ እየዞረና እየረጨ ነው። ቤት ውስጥ ሌላ ጥንቸል ከሌለ እናንተን ይመርጣል። ልጃችሁ እግር ላይ ከረጨ ልጁን ጠልቶ አይደለም፤ የኔ ናት፣ የኔ ነው እያለ ነው። ይሄንን ለልጁ ንገሩት፣ ልጆች ሲገባቸው መፍራት ይተዋሉ።

የቤት ጥንቸል ሁሉ ዘሩ ከአውሮፓ የዱር ጥንቸል ነው። እኛ አገር ገጠር ስንሄድ መንገድ አቋርጣ እልም የምትለው ሌላ ዝርያ ናት፣ መሬት ቆፍራ ቤት አትሠራም። የአውሮፓዎቹ ግን እርስ በርሱ የተያያዘ ጉድጓድ ቆፍረው በቡድን ይኖራሉ፣ ቡድኑም ወሰን አለው፣ ወሰኑ የሚታወቀውም በሽታ ነው። አገጫቸው ሥር ዕጢ አለ። ጥንቸላችሁ የበሩን ጠርዝ፣ ጫማችሁን፣ የጠረጴዛ እግር በአገጩ ሲያሻሽ አይታችሁ ይሆናል፤ ለእኛ ምንም አይሸተንም፣ ለእሱ ግን ፊርማ ነው። ከዛ በጠጡን በየወሰኑ ይበትናል። ከዛ ሽንት አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ ሮማን ሚኪቶቪች የሚባል ተመራማሪ ጥንቸሎችን ሲያጠና የቡድኑ አለቃ የሆነው ወንድ የአገጩ ዕጢ ከሌሎቹ እንደሚተልቅና ምልክትም አብዝቶ የሚያደርገው እሱ እንደሆነ አሳይቷል። እናንተ ሳሎን ውስጥም የሆነው ይሄ ነው፣ ጥንቸላችሁ ራሱን የቤቱ አለቃ አድርጎ ሾሟል።

ሴቶችም ይረጫሉ። ከወንዶቹ ያነሰ ነው እንጂ ይረጫሉ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያምነኝም። ያልተኮላሸች (ማህፀኗና የእንቁላል ማምረቻዋ በቀዶ ጥገና ያልወጣ) ሴት በተለይ ጎጇን ስትከላከል፣ ወይም ሳታረግዝ ያረገዘች ሲመስላት (ከ16 እስከ 18 ቀን ገደማ ይቆያል፣ ደረቷን እየነጨች ፀጉር ትሰበስባለች) ትቆጣለች፣ ትቆፍራለች፣ ትረጫለች።

አንድ ሌላ ነገር። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚጻፉ ምክሮች «ጸደይ ሲመጣ ይብሳል፣ በኋላ ይቀንሳል» ይላሉ። እዛ ቀኑ ሲረዝም የጥንቸሉ የመራቢያ ሆርሞን ይነሳል፣ በብርዱ ወራት ሲያጥር ይበርዳል። ጅማ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መሃል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ «ወቅቱ ሲያልፍ ይተወዋል» ብላችሁ አትጠብቁ። እኛ ጋ የሚያልፍ ወቅት የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ዋናው መፍትሔ ማኮላሸት ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የተኮላሸ ወንድ አብዛኛውን ጊዜ መርጨቱን ያቆማል ወይም በጣም ይቀንሳል፣ በተለይ ልማዱ ሳይሰድድ ቶሎ ከተሠራለት። ግን በማግስቱ አይደለም። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪጠፋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስጡት። ሰዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብለው ተስፋ ይቆርጣሉ፣ ጠብቁት። ለሴቶች ደግሞ ሌላ ትልቅ ምክንያት አለ፦ ያልተኮላሹ ሴት ጥንቸሎች በተለይ 4 ዓመት ካለፋቸው የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል። ቀዶ ጥገናው ሽንቱን ብቻ ሳይሆን ሕይወቷንም ይመለከታል።

ጅማ ውስጥ ይሄ እንዴት ይሆናል? ብዙዎቹ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት ላም፣ በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና ውሻ ነው፣ ያ ሥራቸው ነው። ጥንቸል ማደንዘዝ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ዝም ብላችሁ አንጠልጥላችሁ አትሂዱ፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ጋ ሄዳችሁ ጥንቸል የሠራ ሐኪም ማን እንደሆነ መጠየቅ አያሳፍርም። አንድ መፈተኛ ጥያቄ ልስጣችሁ፦ «ከቀዶ ጥገናው በፊት ላስርበው?» በሉ። መልሱ «አዎ፣ ከማታ ጀምሮ አታብሉት» ከሆነ አመስግናችሁ ተመለሱ። ጥንቸል ማስታወክ አይችልም፣ ስለዚህ እንደ ውሻ ማስራብ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ሆዱ ባዶ ሆኖ አንጀቱ ከቆመ ያ ነው የሚገድለው። እስከ ሰዓቱ ድረስ ይበላል፣ ሲነቃም ቶሎ መብላት አለበት። ግማሽ ቀን አልፎት ምንም ካልቀመሰና በጠጥ ካልጣለ ወደ ሐኪሙ ሩጡ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።

እና እባካችሁ፣ እንደ ወይፈን መቀጥቀጥ የሚያስብ ሰው ካለ እንዳይሞክረው። ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ «ለበሬ የሆነ ለጥንቸል ምን ይሳነዋል» ሲሉ። ጥንቸል ሲደነግጥ የዘር ፍሬውን ወደ ሆዱ መሳብ ይችላል፣ ሕመሙና ድንጋጤው ብቻውን ሊገድለው ይችላል። ሐኪም ካላገኛችሁ አለማኮላሸት ይሻላል።

ሐኪም ላላገኘም ሰው ግን ብዙ የሚሠራ አለ። እኔ ለዳማ ሐኪም እስካገኝ ድረስ በዚህ ነው የኖርኩት፣ መርጨቱ ባይጠፋም ቤቱ የሚኖርበት ሆኖ ቆይቷል።

መጀመሪያ የሚያስቆጣውን ነገር አንሱ። ሁለት ወንዶች በሽቦ ተለያይተው ጎን ለጎን ከሆኑ ቀኑን ሙሉ እየተያዩ ይረጫጫሉ፣ ምንም ብታጸዱ ትርፉ ድካም ነው። አንዱን ወደ ሌላ ክፍል ውሰዱ፣ ካልሆነ መሃላቸው ጣውላ አቁሙ፣ እንዳይተያዩ። የጎረቤት ጥንቸል አቅፋችሁ መጥታችሁ ከሆነ ልብሳችሁን ቀይሩና እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዛ የራሳችሁን አንሱ። አዲስ ምንጣፍ፣ አዲስ መጋረጃ፣ ከገበያ የመጣ ጆንያ፣ የእንግዳ ጫማ፣ የጓሮ ድመት የተኛበት ጨርቅ፣ ሁሉም ለእሱ «ማን ነው ቤቴ የገባው?» ነው። አዲስ ነገር ስታስገቡ መጀመሪያ ከፍ ያለ ቦታ አቆዩት፣ ጥንቸሉ የተኛበትን ጨርቅ ትንሽ አሹበት፣ ከዛ አውርዱት። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ይሠራል።

ሌላው ቤቱ ነው፣ የራሱ ቤት ማለቴ። እሱ ውስጥ እያለ እጃችሁን አስገብታችሁ አታውጡት፣ እሱ እያለም አታጽዱ። በሩን ክፈቱለት፣ ራሱ ይውጣ፣ ከዛ አጽዱ። ቤቱ ውስጥ ማንም እንደማይደፍረው ካወቀ ውጭ ያለውን ሁሉ ማስከበር አያስፈልገውም። እትዬ ይሄን ስነግራት «ደግሞ በሩን አንኳኩልኝ ይበላ!» አለች፣ ግን እሷም አሁን ስትመጣ ዝም ብላ እጇን አትሰድበትም።

ቀጥሎ ቦታ ማጥበብ። መላ ሳሎኑን የለቀቃችሁለት ጥንቸል መላ ሳሎኑን ማስከበር አለበት፣ ሥራው በዛበት። ለጥቂት ሳምንት አንድ ጥግ ብቻ ስጡት፣ ወለሉ ሊሾ ቢሆን ይመረጣል፣ ምንጣፍ አይሁን። ጥንቸል በተፈጥሮው መሽኛ ጥግ ይመርጣል። የት እንደሚሸና ለአንድ ሁለት ቀን ታዘቡና እዛው ላይ ሳፋ አስቀምጡ። እናንተ በመረጣችሁት ጥግ ላይ አይደለም፣ እሱ በመረጠው። ሳፋው አጠር ያለ ይሁን፣ ሲገባ እንዳይቸገር፤ የሚረጭ ከሆነ ግን ከኋላና ከጎን ከፍ ያለ፣ ከፊት ዝቅ ያለ ቢሆን ግድግዳችሁን ያተርፍላችኋል። አሮጌ ጀሪካን አግድም ተቆርጦ አንድ ጎኑ ዝቅ ቢደረግ አሪፍ ይሆናል፣ ጠርዙን ግን በእሳት አለስልሱት፣ እንዳይቆርጠው።

ሳፋው ውስጥ ምን ይግባ? ከሥር ካርቶን ወይም ጋዜጣ፣ ከላይ ጭድ ወይም ደረቅ ሣር። ሣሩን እንዳትዘነጉ፣ ምክንያቱም ጥንቸል እየበላ ነው የሚጸዳዳው። ምግቡ ሳፋው ጎን ወይም ሳፋው ጫፍ ላይ ከሆነ እዛው ይቀመጣል፣ እዛው ይበላል፣ እዛው ይጨርሳል። ይሄን ብቻ አድርገው ግማሹን ችግር የገላገሉ ሰዎች አውቃለሁ። መጀመሪያ ላይ ሽንቱ የነካውን ወረቀትና ጥቂት በጠጥ ሳፋው ውስጥ ጣሉ፣ ቦታው ይሄ ነው ለማለት። በየቀኑ ቀይሩት፣ ግን ሽታው ሙልጭ ብሎ እንዳይጠፋ ትንሽ አስቀሩ፤ ሙሉ በሙሉ ከታጠበ እንደ አዲስ ቦታ ይቆጥረውና ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

የእንጨት ሥራ ከተማ ስለሆንን፣ በርጩማ የሚሠሩት ልጆች ጋ ፍቅፋቂ በቀላሉ ይገኛል፣ ብዙ ሰው እሱን ያነጥፋል። ፍቅፋቂው ደህና ነው፣ ግን የሚበንነውን ሰጋቱራ ተዉት፣ አፍንጫውን ያሳምመዋል። እንደ ጽድ ሽታው የሚወጋውን እንጨትም ተዉት፣ ቫርኒሽ የነካውንም። የቡና ገለፈትስ? ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ጅማ ነን፣ በነፃ የሚገኝ እሱ ነው። አይሆንም። ገለፈት ውስጥ ካፌይን አለ፣ ጥንቸል ደግሞ የተኛበትን ሁሉ ይቀማምሳል። እግረ መንገዴን፣ ጓሯችሁ አቮካዶ ካለ ቅጠሉም ፍሬውም ልጣጩም ለጥንቸል መርዝ ነው። ከሽንት ጋር አይገናኝም፣ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ሳፋውን ሲለምድ ቦታውን ቀስ በቀስ አስፉለት። አንድ ክፍል፣ ከዛ ሌላ። መርጨት ከጀመረ መልሳችሁ አጥብቡ። ሰፊ ቤት ከሆነ ሁለት ሦስት ሳፋ ያስፈልጋል።

ሶፋና አልጋ የራሳቸው ጉዳይ ናቸው። ለስላሳ፣ የሚመጥ፣ ደግሞ የእናንተ ሽታ የሞላበት ነው፣ የቤቱ አለቃ ለመሆን ለሚፈልግ ጥንቸል ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። እዚህ ላይ ማስተማር ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ዝም ብላችሁ ከልክሉት። የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ። ሶፋው ላይ ላስቲክ ወይም ሸራ አልብሱ፣ ኮሽ ኮሽ የሚለውን አይወደውም። ለወር ያህል ካልወጣ ሐሳቡም ይተወዋል።

አሁን ጽዳት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው በረኪና ያነሳል። በረኪና አትንኩ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ በረኪና ሲነካው የሚተን መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ የእናንተንም የጥንቸሉንም መተንፈሻ ይጎዳል። ከዛም በላይ ኃይለኛ ሽታ ያለው ማንኛውም ነገር ለጥንቸሉ አዲስ ባዕድ ሽታ ነው፣ ተመልሶ ይረጭበታል። ዕጣንም እንደዚሁ። ቡና ሲፈላ ሽታውን ለኛ አፍንጫ ይሸፍናል እንጂ ለእሱ አፍንጫ የረጨው ቦታ እንዳለ ነው። እንዲያውም ቄጤማ ተጎዝጉዞ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ጭስ ሞልቶ ሳለ ነው ዳማ አብዝቶ ይረጭ የነበረው። ቄጤማውን ይበላል፣ ከዛ ይረጭበታል። ስለዚህ ቡና ሲፈላ እሱ ሌላ ክፍል ነው፣ የራሱን ሣር ይዞ።

የሚሠራው አቼቶ ነው። ሽንቱን መጀመሪያ በጨርቅ አስመጥጣችሁ አንሱ፣ አታሹት። ከዛ አቼቶ ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ አርሱት፣ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዛ በውኃ ጥረጉ። የጥንቸል ሽንት ሲደርቅ ነጭ እንደ ጠመኔ የሚሆነው ካልሲየም ስለሆነ ነው፤ ጥንቸል ከምግቡ የተረፈውን ካልሲየም በሽንቱ ነው የሚያስወጣው። ሳሙና ያንን አይነካውም፣ አቼቶ ግን ያሟሟዋል። ሳፋው ላይ የተጋገረ ከሆነ አቼቶውን አፍስሳችሁበት አሳድሩት። አንድ ጥንቃቄ፦ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ላይ አቼቶ አታፍስሱ፣ ኖራውንም ይበላዋል፣ አረፋ እያወጣ ሲረግፍ ታዩታላችሁ። የሊሾ ወለልም ቶሎ ካልታጠበ ይደበዝዛል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ሽንቱ ወደ ውስጥ ስለሚሰርግ ላዩን መጥረግ አይበቃም፣ የነካውን ፍቆ አንስቶ እንደገና መምረግና ለወደፊቱ ከታች ጉልበት ድረስ ላስቲክ መለጠፍ ነው መድኃኒቱ። ክረምት ላይ፣ ያው የኛ ዝናብ መቼ ያባራል፣ ፍራሽም ጨርቅም አይደርቅም፣ አሞኒያው ቤት ውስጥ ይታመቃል። ያ ሽታ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ ወለል ላይ ለሚተኛው ጥንቸል ይብሳል፣ መስኮት ክፈቱ፣ ሳፋውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

መምታት። አትምቱት። አፍንጫውን ሽንቱ ውስጥ አትድፈቁት። ሲደነግጥ በኋላ እግሩ በኃይል ይራገጣል፣ አጥንቱ ቀጭን ስለሆነ ወገቡ ሊሰበር ይችላል፣ ይሄ የሚያጋጥም ነገር ነው። ከተሰበረ መዳን የለውም ማለት ይቻላል። በዛ ላይ የፈራ ጥንቸል ቦታዬ ተደፈረ ብሎ አብዝቶ ነው የሚረጨው። መዞር ሲጀምር ያዙት፣ ገና እምም ሲል። እግራችሁን ረጋ ብላችሁ አንሱ፣ ድምፃችሁን ሳትጮኹ «ተው» በሉት፣ ወደ ሳፋው ምሩት፣ እዛ ሲቀመጥ ቁራጭ ካሮት ስጡት። ትንሽ ቁራጭ፣ ካሮት ስኳር ነው።

አሁን ወደ ሕመሙ። ከላይ ያልኩትን ሁሉ ብታደርጉም ኩሬ ኩሬ የሚሸና ከሆነ፣ በተለይ ሳፋ ያውቅ የነበረ ጥንቸል ድንገት ከተወ፣ አሞት ሊሆን ይችላል። ሲሸና የሚያምጥ፣ የሚቆይ፣ የኋላ እግሩ ፀጉር የሚርስና የሚላላጥ፣ ሽንቱ ወፍሮ እንደ ጥርስ ሳሙና የሚወጣ ከሆነ ፊኛው ውስጥ ዝቃጭ ወይም ጠጠር ተጠራቅሞ ይሆናል። ሐኪም ይየው። ምግቡንም ተመልከቱ። የኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በጎመን ነው፣ ጠዋት ጎመን ማታ ጎመን። ሐበሻ ጎመን ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ አልፎ አልፎ ይበቃል። የምግቡ አብዛኛው ሣርና ደረቅ ሣር ይሁን፣ ውኃ ደግሞ በማንኛውም ሰዓት፣ ንጹሕ፣ በከባድ ጎድጓዳ ሳህን። ስለ ቀለሙ አትደንግጡ፣ የጥንቸል ሽንት ቢጫም፣ ብርቱካናማም፣ ቀይም ይሆናል፣ ከሚበላው ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው። ሽንቱ ሁሉ እኩል ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ቀለም ነው። ጠራ ባለ ሽንት መሃል የደም ነጠብጣብ ወይም ጓል ካያችሁ ግን ደም ነው፣ ያልተኮላሸች ሴት ከሆነች ደግሞ ማህፀኗ ሊሆን ስለሚችል ነገ ዛሬ አትበሉ።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። «ሚስት ብናመጣለትስ? ይረጋጋ ይሆናል።» አይረጋጋም። ሳይኮላሽ ሚስት ያመጣችሁለት ወንድ በመጀመሪያው ሳምንት እሷንም ግድግዳውንም ይረጫል፣ በ31 ቀን ገደማ ደግሞ ልጆች ይወለዳሉ፣ ሴቷ በወለደች በዛው ቀን እንደገና ማርገዝ ትችላለች። ሁለተኛ ወንድማ ጭራሽ፣ ሲደርሱ እስከ መገነጣጠል ይጣላሉ። ጓደኛ ያስፈልገዋል፣ ልክ ናችሁ፣ ጥንቸል ብቻውን መኖር አይወድም። ግን መጀመሪያ ይኮላሽ። ከተኮላሸ በኋላም ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሴት አጠገቡ አታድርሱ፣ ሰውነቱ ውስጥ የቀረው ዘር ገና ማስረገዝ ይችላል። ከዛ ሲተዋወቁ በእሱ ክልል አይሁን፣ ሁለቱም ረግጠውት በማያውቁት ቦታ፣ እናንተ አጠገባቸው ተቀምጣችሁ፣ በትንሽ በትንሽ ሰዓት። እኔ ሴቷን ጥንቸሌን ጥጤን ከዳማ ጋር ያስተዋወቅኳት የጎረቤት በረንዳ ላይ ነው፣ መሃላቸው አንድ እቅፍ ሣር አድርጌ፣ እትዬ ደግሞ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ «ተው አንተ፣ አደብ ግዛ» እያለችው።